አንዷን ዶላር አልቀንስም

ሻርጃ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለውድ የአጎቴ ልጅ ለቢልቂስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ምንም የጎደለኝ ነገር የለም፤ አልሐምዱሊላህ። የናንተን ጤና፣ በተለይ የእናቴን፣ አላህ እንዲጠብቅልኝ ዱዓዬ ነው። ደብዳቤው እንደ ሁልጊዜው በነጋዴው በሙሄዲን እጅ ይደርስሻል። የእናቴ ጆሮ የስልክ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባላስፈለገን። ካንቺ ጋር ደግሞ በስልክ በሰላምታ ጀምረን በጭቅጭቅ ነው የምንጨርሰው። እስከዚህ ያለውን ጆሮዋ ሥር ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። የቀረውን ለራስሽ አድርጊው፤ ነገሩ የገንዘብ ነው።

አምና የሰፈራችንን የቧንቧ ውሃን ዕድር፣ የቅሬውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ኢንተርኔት ላይ አወጣለሁ ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ካርዴን ሰጠሁሽ። እዚያ በዶላር የሚከፍል ካርድ እንደማታገኚ አውቃለሁ። ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ሰደቃ ሲኖር፣ ዓረብ አገርና አዲስ አበባ ያለው የሰፈር ልጅ ይስማ ማለትሽም መልካም ነው። ግን ጀርመን አገር የተከራየነው ሰርቨር በወር ሃያ ዶላር ይበላል። በየሌሊቱ የሚነሣው ቅጂ ደግሞ ሌላ አራት። ለለቅሶ ማስታወቂያ ሃያ አራት ዶላር! አሁን ደግሞ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል ይላሉ። ታዲያ ማን ሊያየው ነው የምከፍለው?

ስለዚህ ወይ ዝጊው፣ ወይ ወደ ትንሹ፣ ወደ ባለ አምስት ዶላሩ አውርጂው። ቅጂ የሚባለውን ግን የግድ አጥፊው። የሞተ ሰው ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ምን ይሠራል?

የእናቴን የስኳር መድኃኒት የሦስት ወር ልኬያለሁ። በሰዓቱ መዋጧን አንቺ እያት፤ እሷ ይረሳታል።

ወንድምሽ ሙንዚር በሺር


ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ ለዶላር ጠባቂው ለሙንዚር፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ዕድሜና ሪዝቅ ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ ብላለች እማ ሸሪፋ፤ እኔም አሚን ብያለሁ። ደህና ናት። እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ቢጤ ወጥታባታለች፤ እያጠብኩላት ነው፣ አታስብ።

የመጀመሪያውን ብቻ አንብቢላት ብለህ ነበር። ወላሂ ሁሉንም አነበብኩላት። አሳድጋኝ፣ በቤቷ ተቀምጬ፣ የልጇን ደብዳቤ ግማሹን የምደብቃት ምን ቆርጦኝ ነው? ይኸው የሆነውን ስማ።

“እማ፣ እኛ ጀርመን አገር ቤት ተከራይተናል” አልኳት።

“ማን ይኖርበታል?”

“የቅሬው ሰሌዳ።”

“ብቻውን?”

“ብቻውን።”

“ስንት ክፍል ነው?”

ትንሽ አሰብኩና “እንደ አራት ክፍል በዪው” አልኳት።

“ኧረ በአላህ! አንድ ሰሌዳ ለመስቀል አራት ክፍል? አንድ ግድግዳ አይበቃችሁም?” ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ቢሮ ስደርስ ቤቱን ከፍቼ ፈተሽኩት። ልክ ናት። እኔ ስጀምር ሥራ ያቀልልኛል ብዬ የጫንኩት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሰርቨሩን ግማሽ ሜሞሪ ይዞ ተኝቷል። የሟቾች ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ ያለ ልክ ገዝፎ ተከምሯል። ገጹ ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰፋል፤ አንዴ ተሰፍቶ ቢቀመጥ ማንም መጥቶ ያነበዋል። ፕሮግራሙን ነቀልኩ፣ ፎቶዎቹን አሳነስኩ፣ ገጾቹን አንዴ ሰፍቼ አስቀመጥኩ። ትልቁን ሰርቨር እዚያው ማሳነስ አይቻልም፤ ስለዚህ ባለ አምስት ዶላሩን ጎኑ ተከራይቼ፣ ዕቃውን በሁለት ቀን አጓጉዤ፣ ትልቁን ዘጋሁት። ከዚህ ወር ጀምሮ የምትከፍለው ስድስት ዶላር ነው። አምስቱ የቤት ኪራይ፣ አንዷ የቅጂ።

አንዷን ዶላር አልቀንስም። ሰሌዳውንም አልዘጋም። ቁርጡን እወቀው።

ማን ያየዋል ላልከው፣ ባለፈው ወር ከሪያድ ብቻ መቶ አርባ ሰው ገብቶ አይቶታል። ስልካችን ቢታሰርም በገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት የምሠራበት ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ አለ። የቅሬው ጸሐፊ አቶ በላቸው ጠዋት በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። ሥራ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እለጥፍና በመጨረሻው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ እወጣለሁ። እኛ እዚህ ባናነበውም እናንተ እዚያ ታነቡታላችሁ። ይዘጋ ያለው ሰው ይዝጋ፤ እኔ አላግዘውም።

የሞተ ሰው ስም ሁለት ቦታ ምን ይሠራል ላልከው ደግሞ፣ ለሰው የማይታየውን ገጽ ረስተኸዋል። ሦስት ረድፍ አለው፤ ሰውየው ያረፈበት ቀን፣ መርዶው ለቅርብ ዘመዱ የደረሰበት ቀን፣ ያረዳው ሰው ስም። ሦስቱም ሳይሞሉ ስም በአደባባይ አይወጣም። የቅሬው ሕግ ነው፤ ያለ ሽማግሌ መርዶ ያወጣ መቶ ብር ይቀጣል። ውጭ አገር ያለ ልጅ የአባቱን ሞት ከስልክ ላይ እንዳያነብ ብለን ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተስማማበት። የአቶ በላቸው ደብተር ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶበት ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ይኼም ቢጠፋ ማን እንደተረዳ፣ ለማን እንዳልተነገረ በምን እናውቃለን?

እማ ሸሪፋንም ጠይቄያታለሁ። ቅጂ ማለት ቤቱ ቢቃጠል ሌላ ቦታ የተቀመጠ ነው አልኳት። “ቢስቲማ ሳለን በክፉው ቀን በሬውንም ላሟንም ሸጠናል። የዘሩን ቁና ግን አልነካንም” አለች። ከዚያ ጣቷን ቀስራ፦ “የዘሩን ቁና አትንኪ! እናትህ እንዲህ ብላለች በዪው።”

ይኸው ብያለሁ። ፍርድ ከፈለግህ ይግባኙን ለእሷ አቅርብ።

እህትህ ቢልቂስ


ሻርጃ፣ ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለቢልቂስ፣ ለቤቱ ጠበቃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እናቴን ስሚልኝ፤ ግራ ቀኝ ጉንጯን፣ ከዚያ ግንባሯን። አላህ እስክገናኛት ያቆይልኝ። ይህን ደብዳቤ ሙሉውን አንብቢላት፤ እኔም ከእንግዲህ አልከፋፍለውም።

እማዬ፣ ይግባኜን ሰምተሽ ፍረጂ። ከሃያ አራት ወደ ስድስት ማውረዳችሁን አደንቃለሁ። እሷ ከኮምፒውተሯ፣ አንቺ ከመደብሽ ሆናችሁ፣ ሁለት ሴቶች የጀርመንን ኩባንያ አራት ክፍል ቤት አስለቀቃችሁት። እናንተ ከተስማማችሁማ እንኳን እኔ መንግሥትም አይችላችሁ። ግን አንዷ ዶላር አሁንም አለች። እያንዳንዷን ወር ካርዴ ላይ ሳያት ዓይኔ ውስጥ እንደገባ ጉድፍ ናት። ዘሩ ይቀመጥ ካልሽ ይቀመጥ፤ ቢልቂስ ግን አሸነፍኩ እንዳትል። የታዘዝኩት ላንቺ ነው።

ቢልቂስ፣ ኩባንያው የዓመቱን ባንዴ ለሚከፍል የሁለት ወር ኪራይ ይለቃል። አስቤው ነበር፤ ለጊዜው ግን በየወሩ ይሁን። ሥራዬ ደህና ነው። መጋዘኑ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ለአረፋ እመጣለሁ። ፈቃዴን ጠይቄ እሺ ብለውኛል። እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ? ባዶ እጅህን ና እንዳትዪኝ። የእግርሽ ቁስል ደረቀልሽ ወይ? ቢልቂስ “ትንሽ ቢጤ” ብላለች፤ የእሷን ትንሽ አላምነውም፤ በልጅነቷ እጇ ተሰብሮ ሳለ ትንሽ ነው ስትል ነበር። መድኃኒቱን የአራት ወር ልኬያለሁ።

ሙሄዲን በመጋቢት ይመለሳል፤ መልሱን በእሱ እጠብቃለሁ። እናንተም ዱዓ አድርጉልኝ።

ልጅሽና ወንድምሽ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለሙንዚር፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ጉልበትህን ያበርታው፣ ሶብሩን ይስጥህ። እኔ አለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ዓላ ኩሊ ሓል።

ደብዳቤው ዘግይቷልና ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሰርቨሩን ከመጋቢት 12 ጀምሮ አጥፍቼዋለሁ። በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ እንደከበደህ ስለገባኝ ላሳርፍህ ብዬ ነው። ጠፍቶ ይቆይ፤ አንተም አትክፈተው። አንተ ስትመጣ ተነጋግረን የሚሆነውን እናደርጋለን።

መድኃኒቱን ለጊዜው አትላክ፤ የመጣው አለ። ገንዘብም አትላክ። ለራስህ ያዘው፣ ደህና ምግብ ብላበት።

ለአረፋ መምጣትህን አጎታችን ሼህ ዘይኑልአቢዲን አደራ ብለዋል። እንዳትቀር።

ቢልቂስ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ቢልቂስ፤

ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በዪኝ። ደውዬ ድምፅሽን ብሰማ ስድብ ይወጣኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

የጠፋ ሰርቨር ገንዘብ አይቆጥብም። ክፍሉን ቆልፈሽ ብትወጪም ኪራዩ ይቆጠራል፤ ኩባንያው ቦታውን ይዞልሻልና። አምስቷም ዶላር አንዷም ዶላር ወሩ ሲሞላ ከካርዴ ላይ ወጥታለች። ይህን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። አምና “ማጥፋት ሌላ፣ ማፍረስ ሌላ” ብለሽ በወረቀት ጽፈሽልኛል፤ ወረቀቱ እዚህ አለ። ቢልቂስ ይህን ከረሳች አንድ ነገር ሆናለች አልኩ።

ከዚያ ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። አንዲት ቀልድ የለችበትም። የእናቴ ስም የለበትም። ሙሄዲንም ሲሰጠኝ ፊቴን አላየኝም፤ “ጭነት ይጠብቀኛል” ብሎ ሮጠ። በዚያ ሳምንት እዚህ ሻርጃ ያለው የደሴው የሆጤ ሰፈር ልጅ ኪዳኑ፣ በአንድ ድርሃም ሁለት ቀን የሚከራከረው ኪዳኑ፣ ሳልጠይቀው ምሳዬን ከፈለልኝ። ሳሕኔን ራሱ አነሣው። ሁለተኛም ቀን ከፈለ። እኔ ሞኙ፣ ሰውየው ተለወጠ ብዬ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 17 ሰርቨሩን በተከራየንበት የኩባንያው ሒሳብ ገባሁ። ሰርቨሩን አትክፈተው ብለሻልና አልከፈትኩትም። የመጨረሻው ቅጂ ግን ለመጋቢት 12 አጥቢያ ሌሊቱን ተነሥቶ ተቀምጧል። አንቺ በጻፍሽልኝ ወረቀት መሠረት ሌላ ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁና ቅጂውን እሱ ላይ ዘረጋሁት። ጥቂት ሳንቲም ነው የፈጀው።

ሰሌዳው ላይ ማንም ገብቶ መጽናኛ በሚጽፍበት ገጽ ሠላሳ አንድ ሰው ጽፏል። የመጀመሪያው ከሪያድ ነው፤ “የሙንዚርን እናት አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው” ይላል። ከዚያ ለሰው የማይታየውን ገጽ ከፈትኩ። ሸሪፋ ዓሊ። ያረፉበት ቀን፣ መጋቢት 11። ሁለተኛው ረድፍ ባዶ። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ። ያ ባዶ ቦታ እኔ ነኝ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እናቴ፣ እናቴ።

አርባዋ ከነገ ወዲያ ነው። እኔ ባለፈው እሑድ ለቁስለኛ እግር የማይጠብቅ ካልሲ ገዝቼላታለሁ፤ ሁለት ጥንድ፣ ግራጫና ቡኒ። የትኛውን ትወድ ይሆን እያልኩ ሱቁ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከተቀበረች አምስት ሳምንት አልፏታል። አገር ሁሉ ያውቃል፤ ሪያድ ያውቃል፣ ኪዳኑ ያውቃል፣ ጭነት የሚያመላልሰው ሙሄዲን ያውቃል። እኔ ካልሲ እመርጣለሁ።

እኔም ዋሽቼሻለሁ። ከመስከረም ወዲህ መጋዘኑ በግማሽ ደመወዝ ነው የሚያሠራን፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምናድረው። አንዷ ዶላር ዓይኔን የወጋችው ለዚያ ነበር። ግን የኔ ውሸት ማንንም እናቱን ከመቅበር አላስቀረም።

ማን ወሰነ? አንቺስ ለምን እሺ አልሽ? እኔን እምቢ፣ አዋጁን እምቢ፣ ሁሉን እምቢ የምትዪ ልጅ፣ እምቢ ማለት የምትችዪው በዶላር ላይ ብቻ ነው?

ሙንዚር


ደሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለሙንዚር፤

አላህ ነፍሷን ይማር፣ ቀብሯን ያስፋላት፣ ላንተም ሶብሩን ያውርድልህ። ይህን ሳልልህ ሁለት ወር መቆየቴ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

እውነትህን ነው። እምቢ ማለት በሚገባኝ ቀን እሺ አልኩ። ይቅርታህን እጠይቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም የቀረውን ወረቀት ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።

ቁስሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ላይ ወጣ። ሆስፒታል አራት ቀን ተኛች፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ሰኞ ማለዳ ዐረፈች። የመስጊዳችን ኡስታዝ አጠገቧ ነበሩ፣ እኔ እግሯ ሥር ነበርኩ። እሑድ ማታ የጥር ወር ደብዳቤህን አምጥተሽ አንብቢልኝ አለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። “መንግሥትም አይችላችሁ” የምትለው ላይ ስደርስ እንደገና ሳቀች። ከዚያ “የጀርመኑ ቤት ኪራይ ተከፈለ?” ብላ ጠየቀችኝ። ተከፍሏል አልኳት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረችም።

ማን ወሰነ ላልከው፣ ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። አጎታችን ሼህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው የጀመሩት።

“ልጁ ባዕድ አገር ብቻውን ነው። ማን ይደግፈዋል? ለአረፋ ሲመጣ እዚሁ በወገኑ መሐል እናረዳዋለን” አሉ።

“አረፋ እኮ አምስት ወር አለው አጎቴ” አልኳቸው። “አምስት ወር ሙሉ ለሞተች እናቱ መድኃኒት ይላክ?”

“አንቺ አትላክ በዪው።”

“በምን ምክንያት ልበለው?”

“ምክንያት አይጠፋሽም። የተማርሽ ነሽ” አሉኝ።

አቶ በላቸው ብቻ ነበር ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ይዞ “ሼህ፣ የሚሰማበት ቀን የሱ ነው እንጂ የኛ ነው እንዴ?” ያለው። እሱንም ዝም አሰኙት። እኔ ደክሞኝ ነበር ሙንዚር። ዝም አልኩ። ሰበቡ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

የሞባይል ኢንተርኔቱ ተፈቶ ስለነበር ያን ማታ ስሟንና ያረፈችበትን ቀን በስልኬ መዝግቤ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው መጽናኛው ገጽ በስምህ ተሞልቷል። ሕጉ ስም አታውጡ ይላል እንጂ ሰው እንዳያዝን ማን ይከለክላል? ጓሮ ቆሜ አንድ በአንድ አጠፋሁ። ሳጠፋ ሌላ ይመጣል። በመጨረሻ ሰርቨሩን ራሱን አጠፋሁት። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው የሚለውን ውሸት ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እንዴት ደካማ ውሸት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ሌሊቱን የተነሣውን ቅጂ ረሳሁት። ረሳሁት ልበል እንጂ ሌላ ጊዜ ረስቼው አላውቅም።

አሁን የቀረውን ስማ። ደብዳቤህ ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ይዤው ሄድኩና ቆሜ አነበብኩት። ሴት ልጅ ተነሥታ ማንበቧ ደስ ያላላቸው ነበሩ፤ አነበብኩት። ካልሲው ጋ ስደርስ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። “እኔ እኮ ያዘንኩለት መስሎኝ ነው” አሉ። እንደሚወዱህ አውቃለሁ። ፍቅር ነው፤ ግን የገዛ ሐዘንህን ቆልፎ ያስቀመጠ ፍቅር ነው፣ ይህንኑም ነገርኳቸው።

ከዚያ ሰብሳቢው ሕግ ጠቀሰ። መርዶው ያለ ሽማግሌ ደርሷል፤ የደረሰውም በቢልቂስ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ቢልቂስ መቶ ብር ትቀጣ፤ ሦስተኛውም ረድፍ ላይ ያረዳችው ቢልቂስ ተብሎ ይጻፍ አለ።

“አልከፍልም!” አልኩ።

“መቶ ብር አጥተሽ ነው?”

“አይደለም። ነግሬው ቢሆን ኖሮ ሁለት መቶም ደረቴን ነፍቼ እከፍል ነበር። አልነገርኩትም። ላልነበረኝ ድፍረት ቅጣት አልከፍልም፤ ስሜም እዚያ ረድፍ ላይ አይጻፍም፣ አይገባኝም።”

ጫጫታ ሆነ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሰሌዳውን ከእንግዲህ የምይዘው ሕጉ ከተለወጠ ነው አልኳቸው፤ ሰባት ቀን። ሽማግሌ ይላክ፣ እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ይላኩ፣ እንዴትም ይሁን፤ ከሰባት ቀን በላይ ባዶ የሚቆይ ረድፍ አልጠብቅም። ካልሆነ ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ፣ ጣሪያውንም ጠግኑ። አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ከወንዶቹ ኋላ የነበሩት እነ እትዬ አረጋሽ “ልጄ ቤይሩት ናት፤ እኔ ስሞት በሰባት ቀን ንገሩልኝ” ብለው ተነሡ። ሌሎችም እናቶች ተከተሏቸው። እናቶች ከተነሡ በኋላ ማን ይከራከራል? ሰባት ቀን ሆነ።

ሰርቨሩን የዚያኑ ዕለት ከፈትኩት። ያጠፋሁትን መጽናኛ ሁሉ ከቅጂው መልሼዋለሁ፤ ሠላሳ አንዱም አሉ። የእማ ሸሪፋ ስም ግን ገና በአደባባይ አልወጣም። አቶ በላቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማንን ልጻፍ ብሎ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። ቅጣቱም አልተነሣም፤ እኔም አልከፍልም።

ካልሲዎቹን አትጣላቸው። ይዘሃቸው ና።

እህትህ ቢልቂስ


ሻርጃ፣ ሰኔ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቢልቂስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳንን አላህ ይቀበልሽ፤ የእናቴንም ጾምና ሶላት ሁሉ ይቀበልላት። አርባዋን እዚሁ መስጊድ ቁርኣን አስቀርቼላታለሁ።

ሰድቤሽ ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ስድቡን አንሥቼዋለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ያለኝን ግን ገና አላነሣሁም፤ ለአረፋ ስመጣ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ ሱሑራችንን በልተን ሳንነሣ፣ በራችን ተንኳኳ። አምስት የወሎ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ኪዳኑም አለበት። ከደሴ ተደውሎ፣ ቢሰማም በወጉ አርዱት ተብለው ነው። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው “እንግዲህ የአላህ ውሳኔ...” ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝኩና “አባቴ፣ ደርሶኛል፤ ተቀመጡ” አልኳቸው። ተቀምጠን አለቀስን። እንደ ሰው፣ ከሰው ጋር ማልቀስ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁት። ኪዳኑን ምሳ የከፈለበትን ገንዘብ ልመልስልህ ብለው ተቆጣኝ።

ሲሄዱ ለሐዘኑ ብለው ያዋጡትን ትራሴ ሥር ትተውልኝ ሄዱ። በሱ የሰርቨሩን የዓመቱን ኪራይ ባንዴ ከፈልኩት፤ ሁለት ወሩን ለቀቁልን። ቁጠባ ካስፈለገ ቁጠባ እንዲህ ነው። የቅጂዋንም ዶላር የዓመቷን ከፍያለሁ፤ ማንም እንዳይነካት፣ እኔም ጭምር።

ቅጣቱን እንዳትከፍዪ። አንድ ብርም እንዳትከፍዪ። አቶ በላቸውም ብዕሩን ይዞ አይቁም፤ እንዲህ ብሎ ይጻፍ በዪልኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሚያዝያ 17። ሦስተኛው ላይ፣ ያረዳው በሚለው፣ ሸሪፋ ዓሊ።

ስሕተት ነው ካሉሽ ስሕተት አይደለም በያቸው። አንቺ ዝም ስትዪ፣ አገር ዝም ሲል፣ የዘሩን ቁና አትንኪ ብላ ያስቀመጠችልኝ እሷ ናት። የነገረችኝም እሷው ናት። መቶ ብሩን የሚፈልግ ሰው ካለ ሄዶ እሷን ይጠይቅ።

ወንድምሽ ሙንዚር